የቤት ድመት ሆድ ዕቃ በባሕረ ሐሳብ ሲመረመር

የዚህ ጥናት ባለጉዳይ ሳይንሳዊ ስሟ ፌሊስ ካተስ፣ የሰፈር ስሟ ውሮ ነው። ክብደቷ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይገመታል፤ ሚዛን ላይ አርፋ ቆማ ስለማታውቅ ከዚህ በላይ ማጥበብ አልተቻለም። ዘሯ ፌሊስ ሊቢካ ከምትባለው የዱር ድመት እንደሚመዘዝ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነ የዘረ መል ጥናት አረጋግጧል። ከሰው ጋር መኖር ከጀመረችም ቆይታለች፤ በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። የመጨረሻ ምሳዋ ምን እንደነበር ግን አልተመዘገበም። ለእኛ ዋናው ነገር እሱ ነበር።

በውጭ አገር ስለ ድመት ሆድ የተጻፈው ብዙ ነው። ማስመለሱ፣ ተቅማጡ፣ ድርቀቱ በዕድሜ፣ በዝርያና በምግብ ዓይነት ተከፋፍሎ ተተንትኗል። ጎደለ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ረቡዕና ዓርብ የሚል የትም የለም። በዓመት ከ180 ቀን በላይ በሚጾም ቤት የምትኖር ድመት ሆዷ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ አላገኘንም። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው እንዲህ ነው፦ የሀበሻ ድመት የሆድ ሕመም ከበሽታነቱ ይልቅ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይነቱ ያመዝናል። በባሕረ ሐሳብ ወንበሩን፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን ማውጣት የሚችል ሰው መጪው ተቅማጥ በየትኛው ሳምንት እንደሚውል ከወዲሁ ሊናገር ይችላል።

ከአንጀት እንነሣ። ድመት ሥጋ በል የተባለችው ሥጋ ስለምትወድ ብቻ አይደለም፤ ሌላ መላ ስለሌላት ነው። አንጀቷ አጭር ነው፤ ሥጋ ቶሎ አብላልቶ ለማሳለፍ የተበጀ እንጂ ባቄላ ይዞ ለማሰላሰል አይደለም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማይሠራው ከሥጋ ማግኘት አለባት። ይህ ሲጎድል ዓይኗ እንደሚጎዳ በ1970ዎቹ፣ ልቧም እየሰፋ እንደሚደክም በ1987 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ተደርሶበታል። ሽሮ ውስጥ ታውሪን የለም። ምስር ውስጥም የለም። በጣፋጭ ማባበልም አይቻልም፤ ጣፋጭ የሚለየው የምላሷ ዘረ መል የማይሠራ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ታውቋል። ዳቦ በማር ቀርቦላት ፊቷን ብታዞር ንቀት ተብሎ ሊያዝባት አይገባም።

አባቶቻችን ይህን ሁሉ ያለ ቤተ ሙከራ ደርሰውበት ነበር። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት እስከ ዛሬ የሥነ ምግባር ትምህርት ሆኖ ኖሯል። በእኛ አስተያየት የሥነ ምግብ ሰነድ ነው። መመንኮሷ ከሥጋ መለየቷን፣ አመሏን አለመርሳቷ ደግሞ የታውሪን እጥረት መጀመሩን ያመለክታል። ምስኪኗን ይህን ያህል ዘመን ስናማት የኖርነው ባዮኬሚስትሪ ዘግይቶ ስለገባ ነው።

አሁን ወደ ዓመቱ። መስከረም መልካም ወር ነው፤ እንቁጣጣሽና መስቀል ተከታትለው ስለሚመጡ ድመቷ ደህና ትበላለች፣ ደህናም ትወጣለች። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ የመጀመሪያው ድርቀት ይታያል። ገና ይፈታዋል፤ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ይፈታዋል። ነነዌ ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነች በአንጀት ላይ የምትተወው ምልክት ደካማ ነው። ዋናው ዐቢይ ጾም ነው፤ 55 ቀን።

በእነዚህ ቀናት የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በላስቲክ ተቋጥሮ ይመጣላት የነበረው ሳንባም አብሮ ይቋረጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ያዝንላታል፣ ከሱቅም አንድ ሰርዲን ይገዛላታል። በሁለተኛው የሽሮ ፍትፍት ይቀርባል። ታሸተዋለች፤ ከዚያ በፊት እግሯ ወለሉን ጫር ጫር አድርጋ ምግቡን በሐሳብ ቀብራው ትሄዳለች። የእንስሳት ጠባይ አጥኚዎች ይህን ጠባይ ያውቁታል፤ የቤቱ እናት ግን «ጥጋብ» ብለው ነው የሚመዘግቡት። በሦስተኛው ሳምንት ርሃብ ያሸንፋትና ትበላለች። በአራተኛው ታምጣለች።

እዚህ ላይ ሙስሊም ጎረቤት ያለው ቤትና የሌለው ቤት ተለያይተው መጠናት አለባቸው። አጥር መዝለል የምትችል ድመት በዐቢይ ጾም እዚያኛው ቤት ከርማ፣ በረመዳን ቀኑን እዚህኛው ቤት ታሳልፋለች። ሁለቱ ጾሞች በአንድ ወር ሲገጥሙ ደግሞ እስከ አፍጥር ድረስ በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ከነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች አቡ ሁረይራ የድመት ወዳጅ እንደነበሩ ስለሚነገር በዚያ በኩል የሚደረግላት አቀባበል ታሪካዊ መሠረት አለው። ሳምቡሳው ግን ሽንኩርት አለበት፤ ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

ቀዳም ሹር። ዶሮ ይታረዳል። ሥርዓታችን የዶሮን ብልት 12 አድርጎ ደንግጓል፤ ድንጋጌው ሲወጣ ድመቷ አልተጠየቀችም። በእሷ ቆጠራ ብልቱ 13 ነው፤ 13ኛው አንጀቱ ነው፤ እሱም የሷ ነው። 55 ቀን ጠብቃ በአንድ ትንፋሽ ትውጠዋለች። በዚያው ምሽት የቤቱ ሰዎች በጾም የከረመ ጨጓራ ዶሮ ወጥ ድንገት እንዳይወርድበት ተልባ በጥብጠው ይጠጣሉ። ለራሱ ሆድ እንዲህ የሚጠነቀቅ ቤት ለድመቷ ሆድ ያደረገውን ዝግጅት ፈልገን አላገኘንም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾም ይገደፋል፤ ከዚያ በኋላ አጥንቱ፣ ስልሱና የእንጀራው ጥራጊ ከገበታው ሥር መውረድ ይጀምራል።

ስለ ስልሱ ትንሽ ማለት ይገባል። ዶሮ ወጥ በመሠረቱ የሽንኩርት ወጥ ነው፤ ዶሮው የሚገባው ማዕረጉን ከፍ ለማድረግ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ ቢቁላላም፣ ቢደርቅም፣ ሲንከተከት ቢያድርም መርዙ አይለቅም። ጉዳቱም ወዲያው አይታይም፤ ቀናት ቆይቶ ድዷ ሲገረጣና ስትዝል ነው የሚታወቀው። ያን ጊዜ ወጡን ያስታወሰ የለም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ ስል ይሆናል፤ ጉሮሮና አንጀት ሊወጋ ይችላል። በርበሬውን በሕግ አምላክ ብለን እንለፈው።

ፋሲካ እሑድ ከቀትር በኋላ ታስመልሳለች። ቤቱ ይመክርና «ሆዷ ተረበሸ፣ ወተት ስጧት» ይላል። ይህ ውሳኔ በሁሉም ሰፈር አንድ ዓይነት መሆኑ አስገራሚ ነው። አብዛኞቹ ድመቶች ጡት ከጣሉ በኋላ የወተትን ስኳር የሚፈጭላቸው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይቀንስባቸዋል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ታች ወርዶ ውኃ ይስብና ይቦካል፤ የቀረውን ከሰኞ ጀምሮ ወለሉ ይናገራል። ወተቱን ስትጠጣ ደስ ስለሚላት ሕክምናው እንደሠራ ይቆጠራል።

ወለሉን ካነሣን፣ በቤቱ ውስጥ እውነተኛ መረጃ ያለው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ መመስከር ግዴታችን ነው፤ የምትጠርገዋ። የት፣ ስንት ጊዜ፣ ምን መልክ እንደነበረው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ በቤተሰቡ ምክክር ላይ ግን ተጠርታ አታውቅም። ድመቷ ሴራሚክ፣ ሲሚንቶና አንድ ስጋጃ ባለበት ቤት ስጋጃውን እንደምትመርጥ ከማንም በፊት ያስተዋለችው እሷ ናት። ትውከትን ለሁለት የከፈለችውም እሷ ናት፦ «ጸጉር ያለው»ና «ምግብ ያለው»። ክፍፍሉ ከሕክምናው መጻሕፍት ጋር ይገጥማል። የድመት ምላስ ወደ ኋላ የታጠፉ እሾሆች አሉት፤ ጫፋቸው ቦይ እንዳለውና ምራቅ ይዞ ወደ ጸጉሩ ሥር እንደሚያደርስ በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 አሳይተዋል። እሾሁ ወደ ኋላ ስለዞረ የተላሰ ጸጉር መንገዱ ወደ ጉሮሮ ነው። አልፎ አልፎ የሚመጣ ጸጉር ያለው ትውከት ብዙም አያስጨንቅም። ምግብ ያለው ግን ከተደጋገመ፣ ወይም ደም ካለበት ሐኪም ይፈልጋል።

የሕክምናው ጎራዎች ብዙ ናቸው። አያት «ዓይን ነው» ይላሉ፤ ይህ አቋም ሊረጋገጥም ሊስተባበልም ስለማይችል ከሁሉ ረጅም ዕድሜ አለው። እናት ፌጦ በሎሚ ያዛሉ። ድመት የሎሚ ሽታ ስለምትሸሽ መድኃኒቱ የሚሰጠው አንዱ ይዞ፣ አንዱ ከፍቶ፣ ሦስተኛው አፍስሶ ሲሆን፣ ከመጠኑ አብዛኛው በሦስቱ ልብስ ላይ ይቀራል። አባት ምንም አያዝዙም፤ «ድሮ ድመት ታማ ታውቃለች? አይጥ ትብላ» ብለው ወደ ዜናቸው ይመለሳሉ። በእኛ ግምት ለሳይንስ የቀረበው የአባት አቋም ነው፤ አይጥ ሥጋ፣ አጥንት፣ ውኃና ታውሪን በልክ የያዘች፣ ሽንኩርት ያልነካት ምግብ ናት። ችግሩ ድመቷ ራሷ ይህን አቋም መተዋ ነው።

ጅራቷ ሥር ሰሊጥ የሚመስል ነገር ከታየ ክርክሩ ወደ ኮሶ ይዞራል። አገራችን በዚህ መስክ ልምድ አላት፤ የኮሶ ዛፍ አበባ ለብዙ ዘመን የጥሬ ሥጋ ወዳጆች ማርከሻ ነበር። ነገር ግን የሰው ኮሶ ከበሬ ሥጋ ሲመጣ፣ የድመቷ ትል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ገላዋን ስትልስ ከምትውጠው ቁንጫ ነው። ስለዚህ በጠዋት ተነሥቶ ኮሶ መበጥበጥ ከንቱ ድካም ነው። ሐኪም በክብደቷ ለክቶ ፕራዚኳንቴል ይሰጣታል፤ ቁንጫው ካልጠፋ ግን ትሉ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚህ በታች ያለው ቀልድ የለበትም። ቤት ውስጥ የተረፈ ፓራሲታሞል ለድመት አይሰጥም፤ ግማሹም አይሰጥም። ጉበቷ ይህን መድኃኒት ሰው እንደሚያስወግደው አድርጎ ማስወገድ አይችልም፤ አንዲት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። ከመሳቢያ የወጣ ፍላጂልም በግምት ተቆርሶ አይሰጥም። ወንድ ድመት ደጋግሞ እያማጠ ምንም ካልወጣው «ደርቆበት ነው» ብሎ ዘይት ከማጠጣት በፊት ሽንቱ ተዘግቶበት እንደሆነ ይታይ፤ ሽንት ከተዘጋ በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድላል። ሁለትና ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ሊሞላ ይችላልና «ስትርባት ትበላለች» አይባልም።

ሐኪም ዘንድ መሄዱ የራሱ ምዕራፍ ቢኖረው በተገባ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በቢሾፍቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ አገሪቱ ከአፍሪካ ብዙ የቀንድ ከብት ያላት በመሆኗ የባለሙያው ሐሳብ ወደ በሬ ቢያደላ አይፈረድም። ድመቷ በዘንቢል ሆና፣ ነጠላ ተጥሎባት፣ በታክሲ ትወሰዳለች። ረዳቱ ዘንቢሉ ሲጮህ ሰምቶ የአንድ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል። ክሊኒኩ ስትደርስ ጸጥ ትላለች፤ ሆዷ ሲዳሰስ ምንም እንዳልሆነች ሆና ግድግዳ ታያለች።

«እናቴ፣ ምን በልታ ነው?» ይላል ሐኪሙ።

«ኧረ ምንም! ከእኛው ማዕድ ነው የምትበላው።»

ሐኪሙ ይህንን ጻፈው። ከዚያ ድዷን አየ፣ ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጎ ውኃ ማነሷን መረመረ። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ወተት ይቅር፣ ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ ይቀመጥላት፣ ለጥቂት ቀን ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም የተቀቀለ፣ አጥንቱ የወጣለት የዶሮ ሥጋ በትንሽ በትንሹ ይሰጣት። ካገገመች በኋላም ሥጋዋ በጾም አይቋረጥ።

ይህ የመጨረሻው ቃል ቤቱን ለሁለት ከፈለው። በሚቀጥለው ዓመት ዐቢይ ጾም፣ በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት፣ ጉዳዩ እንደገና ለውይይት ቀረበ። የእናት ሥጋት ድመቷ መብላቷ አልነበረም፤ ድመት አትጾምም፣ ይህን ያውቃሉ። ሥጋታቸው ሥጋ የሚቀቅል ሰው ሳይቀምስ እንዴት ልኩን ያውቃል የሚል ነበር። አያት ነገሩን አሰላስለው መለሱ፦ ጨው የሌለው፣ በርበሬ የሌለው፣ ቅመም የሌለው ነገር ምኑ ይቀመሳል? ስለዚህ ቀቃዩ ጾሙን አይገድፍም። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ፤ ሥጋው ከሙስሊም ሥጋ ቤት መጣ፣ ውኃው ተጣደ። የቀረው ድስቱ ነበር፤ እሱም እስከ ፋሲካ የድመቷ እንዲሆን ተወስኖ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታሰረበት።