«ተጽፏል»

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከዕለታት አንድ ቀን በአምቦ፣ በሁሉቃ ወንዝ ዳር የሚኖሩ እንስሳት ስለ አንዲት አሮጊት ኤሊ ተጨነቁ። የአገሩ ልጅ ሁሉ «አኮ» ይላታል፤ በኦሮምኛ አያቴ እንደ ማለት ነው። ከደንዲ ሐይቅ እስከ ጉደር ፏፏቴ ያለው ምንጭ ሁሉ ስሙን ከማን እንዳገኘ፣ የአምቦ ውሃ ከመሬት ሲወጣ ለምን እንደሚፍለቀለቅ የምትተርከው እሷ ብቻ ነበረች። ትንፋሿ ደግሞ እያጠረ ሄዷል።

«ሰዎቹን እዩ» አለ ቁራ። «ከቦዳ የወጣው ባለቅኔ ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን በ1998 ዓ.ም. አረፈ፤ የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በ2012 ዓ.ም. ተገደለ። ድምፃቸው ተቀድቶ ስለነበር ግን ዛሬም ይሰማል። የአኮ ድምፅ የት ተቀምጧል?»

መልስ የሰጠ አልነበረም።

ከጊንጪ በላይ ካለው የጭሊሞ ጫካ አንድ የተማረ ጉሬዛ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ውስጡ ኦዳሲቲ የሚባል የድምፅ ማረሚያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዶሚኒክ ማዞኒና ሮጀር ዳነንበርግ አሜሪካ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት፣ በዓመቱ ለሕዝብ የተለቀቀ፣ ገንዘብ የማይጠየቅበት ፕሮግራም ነው። ድምፅ ይቀዳል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ኮሽታ ያጠራል። ችግሩ መመሪያው ነው፤ እንስሳቱ በሚያውቁት ቋንቋ አልተጻፈም። ስለዚህ በአማርኛ ሊጽፉት ዋርካው ሥር ጉባኤ ተቀመጡ።

አያ ነብሮ ማጉላትን ልጻፍ አለ፤ የሚያገሳ እሱ ነውና። አያ ጅቦ ማስተጋባትን ያዘ፤ ሌሊት ድምፁ ከተራራ ተራራ ይመለሳል። ቁራ፣ ጦጣ፣ ሁሉም የየራሱን ምዕራፍ ወሰደ። ጠቡ የተነሳው የማን ምዕራፍ ይቅደም በሚለው ላይ ነው። ሦስት ቀን ተከራከሩ። በአራተኛው ቀን ጸሐፊው ጃርት አንድ እሾህ ከጀርባው ነቅሎ ቀለም ውስጥ እየነከረ፣ «በፊደል ተራ ይሁን፤ ማንም አይቀየምም» አለ። ሁሉም ደስ ብሏቸው ተበተኑ።

እመት አህዪት ይህን ሁሉ ከሩቅ ቆማ ሰማች። ላፕቶፑንና ባትሪውን ከጊንጪ እስከ አምቦ ተሸክማ ያመጣችው እሷ ናት። ነገር ግን አያ ጅቦ ባለበት ጉባኤ አህያ ጠጋ ብላ አትቀመጥም።

አማርኛ የሚያውቅ ሰው የፊደል ተራ እዚህ ምን እንዳደረገ ወዲያው ይገባዋል። በቋንቋችን የሥራ ስም አብዛኛውን ጊዜ በ«መ» ወይም በ«ማ» ይጀምራል። መቅዳት፣ መቁረጥ፣ መለጠፍ፣ ማስቀመጥ፣ ማዳመጥ። መጽሐፉ ከሞላ ጎደል አንድ ፊደል ውስጥ ተጨናነቀ። በተራው መሠረት ደግሞ መለጠፍ አንደኛ ወጣ፣ ዝቅ ብሎ መቁረጥ፣ ከዚያ በኋላ መቅዳት። ገና ያልተቀዳውን ቆርጠህ፣ ገና ያልቆረጥከውን ለጥፈህ ትጀምራለህ። ኮሽታ «መቀነስ» ገጽ 9 ላይ ገባ፤ ለመቀነስ የግድ ቀድሞ የሚያስፈልገው «የኮሽታ ናሙና» ግን በ«የ» ስለሚጀምር ገጽ 71 ላይ ተቀመጠ። አንዱን የጻፈው ነብር፣ ሌላውን የጻፈው ጅብ ነው፤ ሁለቱ አይነጋገሩም ነበርና አንዱ ገጽ ሌላውን አይጠቅስም።

ድምፁን እንድትቀዳ የተላከችው የጉደሯ ቆቅ ነበረች። በነሐሴ መጨረሻ፣ ሁሉቃ ሞልቶ በሚያጓራበት ሰሞን፣ አኮ አጠገብ ተቀመጠች። አኮ እስኪመሽ ተናገረች። የምንጮቹን ስም አንድ በአንድ ጠራች፤ ማን ቆፈራቸው፣ ማን ታረቀባቸው፣ በየትኛው ድርቅ ማን ከየት መጥቶ ጠጣባቸው። ቆቅ መልሳ ስታዳምጠው ከአኮ ድምፅ ኋላ ወንዙ ይጮሃል። መመሪያውን ገለጠች። ገጽ 9፦ «ናሙናውን ከወሰድሽ በኋላ ሁሉንም መርጠሽ ቀንሺ» ይላል። ናሙና ምንድን ነው? ቆቅ መሰላትና ከተቀዳው ሁሉ የሚያምረውን፣ የአኮን ድምፅ፣ በመንቆሯ መርጣ ለፕሮግራሙ ናሙና አድርጋ ሰጠችው።

ፕሮግራሙ የተሰጠውን ናሙና «አጥፋልኝ የተባልኩት ኮሽታ ይህ ነው» ብሎ ይይዛል፤ እሱን የመሰለውን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየለቀመ ያወጣል። ለዚህ ነው ናሙናው ማንም ካልተናገረበት፣ ኮሽታው ብቻ ከሚሰማበት ቦታ መወሰድ ያለበት። ቆቅ ስትጨርስ አዳመጠች። ወንዙ ይፈሳል። የአኮ ድምፅ ግን ተቦጫጭቆ፣ ከውሃ ሥር እንደሚንተባተብ ሆኖ ቀርቷል። ደንግጣ አስቀመጠችው፣ ዘጋችው። ማስቀመጧ የዋናውን ቦታ ለተበላሸው ሰጠ። ከመዝጋቷ በፊት ቢሆን የተሠራውን ወደ ኋላ መመለስ ይቻል ነበር፤ ፕሮግራሙ አንዴ ከተዘጋ በኋላ ግን የመመለሻው መንገድ አብሮ ይጠፋል። ይህም ገጽ 33 ላይ አለ።

ጉባኤው ተሰበሰበ። ቆቅ እያለቀሰች ነገረቻቸው። ጃርት መጽሐፉን ገለጠና «ተጽፏል» አለ። ነብርም «ተጽፏል» አለ። ጅብም፣ ጉሬዛም። እውነት ነው፤ ቆቅን ያሰናከላት ነገር ሁሉ ተጽፎ ነበር።

ተረቱን እዚህ ላይ ጥቂት ልግታው። ይህችን ቃል ከአንድ ቢሮ መስኮት ፊት ቆሜ ሰምቻታለሁ። «መመሪያው ላይ አለ» ተባልኩ፤ መመሪያው ሌላ ፎቅ ላይ ነበር፣ የሚቀድመው ፎርም ደግሞ ሌላ ግቢ። ከአጠገቤ አንዲት እናት ከጠዋት ጀምሮ ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ክፍሎቹ የተደረደሩት በኃላፊዎቹ ወንበር ተራ እንጂ ባለጉዳዩ ከቤቱ ይዞት በሚወጣው ጥያቄ ተራ አልነበረም። ተጻፈ ማለት ተገኘ ማለት አይደለም፤ ይህን አጥብቄ አምናለሁ።

ወደ ተረቱ ልመለስ። ያን ጊዜ እመት አህዪት ከሩቅ ሆና ድምፅዋን አሰማች።

«አያ ጃርት፣ እባክዎ ከሆለታ እስከ ባኮ ጭነት የማደርስባቸውን ከተሞች በፊደል ተራ ይጻፉልኝ።»

ጃርት ጻፈ፦ ሆለታ፣ ባኮ፣ አምቦ፣ አዲስ ዓለም፣ ጉደር፣ ጊንጪ፣ ጌዶ።

«እንግዲህ ጭነቴን ይዤ በዚህ ተራ ልሂድ? ከሆለታ ተነስቼ መጨረሻው ባኮ እደርሳለሁ። ከባኮ ወደ አምቦ፣ ከአምቦ ጊንጪን ዝም ብዬ አልፌ ወደ አዲስ ዓለም እመለሳለሁ። እንደገና ወደ ጉደር፣ እንደገና ወደ ጊንጪ። አንድም ከተማ አልቀረም፤ ዝርዝሩ ትክክል ነው። እኔ ግን ጌዶ ሳልደርስ እሞታለሁ።»

ዋርካው ሥር ጸጥ አለ። ከዚያ ጉሬዛው ነጭ ካባውን ሰብስቦ ከመድረኩ ወረደና «ወደዚህ ቅረቢ» አላት። አያ ጅቦ ከተቀመጠበት ተነስቶ ማዶ ሄደ።

አህያዋ መጽሐፉን አልነካችም። ቆቅን ጠየቀቻት፦ «እህቴ፣ ማሽኑን ስትከፍቺ መጀመሪያ የጨነቀሽ ምንድን ነው?» ቆቅ «እየሰማኝ ይሁን አይሁን» አለች። ጃርት ያንን ጻፈ። «ከዚያስ?» «ወንዙ ስለጮኸ።» ጻፈ። እንዲህ እያሉ እስከ ማታ ሄዱ። የነብርና የጅብ ገጾች ተቀድደው አንድ ገጽ ላይ፣ ናሙናው ከላይ መቀነሱ ከታች ሆኖ ተሰፉ። ነብር ምዕራፉ ሦስት ቦታ ስለተበተነ ከፍቶት ነበር፤ ስሙ ከሽፋኑ ሲወጣም አጉረመረመ። የፊደሉ ተራ ከመጽሐፉ ኋላ ማውጫ ሆኖ ተቀመጠ፤ የሚፈልገውን ነገር ስም ለሚያውቅ ሰው ይጠቅማልና መጣል አልነበረበትም።

ቀጥሎ ያደረጉት ከሁሉ ይበልጥብኛል። ኮምፒዩተር ነክታ የማታውቅ አንዲት የሚዳቋ ግልገል ጠርተው መጽሐፉን ሰጧት፤ ራሳቸው ከኋላዋ ዝም ብለው ቆሙ። መናገር ተከልክሏል። ግልገሏ ቀዳች፤ ለአፍታ አቆመችው፤ ልትቆርጥ ብትል ማዘዣዎቹ ደብዝዘው እምቢ አሏት። እግሯ አየር ላይ ቀረ። ጉሬዛው ምላሱን ነከሰ። ለአፍታ ማቆም ሥራውን ክፍት እንደሚተወው፣ ለመቁረጥ ጨርሶ ማቆም እንደሚያስፈልግ እሱ ያውቃል፤ ሁሉም ያውቁት ስለነበር ማንም አልጻፈውም። ጃርት እግሯ የቆመበት ቦታ ላይ አንድ መስመር ጨመረ። ሌላም ቦታ ቆመች፤ ሥራውን አስቀምጣ ስታበቃ የተቀመጠው ፕሮጀክት በስልክ አልሰማ አላት፤ ለሚያዳምጥ ሰው ለብቻው ኤክስፖርት መደረግ አለበት። አሁንም አንድ መስመር። ሰባት ጊዜ ቆመች፣ ሰባት መስመር ተጨመረ።

መስከረም ሲጠባ፣ አደይ በወንዙ ዳር ሲፈነዳ፣ ሁሉም ወደ አኮ ሄዱ። ቆቅ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀች።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ የነገርኩሽ ሁሉ አሁን አይመጣልኝም» አለች አኮ። «አንዳንዱ ምንጭ ስሙ ከአፌ ጠፍቷል። ከማስታውሰው ልጀምር።»

«ጥቂት ይታገሱን፣ አኮ። መጀመሪያ ወንዙን ብቻ እንቅዳ።»

ቆቅ መቅጃውን ተጫነች። ነብር ትንፋሹን ያዘ። ጅብ ማዶ ሆኖ አፉን ገጠመ። አህያዋ ጆሮዋን እንኳ አላወዛወዘችም። ሁሉቃ ብቻውን ተሰማ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ቆቅ ራሷን ነቀነቀች።

«ተረት ተረት» አለች አኮ።

«የላም በረት።»