ሎጎዎ እንዲበላሽ ማንን ይቅጠሩ?

አዲስ ድርጅት ከፍተዋል እንበል። ንግድ ፈቃዱ ወጥቷል፣ ቤቱን ተከራይተው ቀለም አስቀብተዋል። የቀረው ሎጎ፣ ቢዝነስ ካርድና ታፔላ ነው። እስካሁን ያወጡት ወጪ ከንቱ እንዲቀር ከፈለጉ፣ ዲዛይነርዎን እንደሚከተለው ይምረጡ።

መጀመሪያ ዋጋ ብቻ ይጠይቁ። ለማን እንደሠራ፣ የቱን ራሱ የቱን ከሌሎች ጋር እንደሠራ፣ ሥራው ለባለቤቱ ምን እንደፈየደለት አይጠይቁ። ዝቅተኛውን የጠራውን ይያዙ። «ይህ ዋጋ አያሠራም» የሚልዎት ካለ የናይክን ታሪክ ያንሡበት፦ ካሮሊን ዴቪድሰን የዚያን የስፖርት ጫማ ኩባንያ ምልክት በ1971 እ.ኤ.አ. የሠራችው በ35 ዶላር ነው። ታሪኩን እዚያው ላይ ያቁሙት። የዲዛይን ተማሪ እንደነበረች፣ በርከት ያሉ አማራጮች ሠርታ እንዳቀረበችና ኩባንያው ራሱ በ1983 እ.ኤ.አ. አክሲዮን እንደሰጣት ከጨመሩበት ክርክሩን ይሸነፋሉ።

ቀጥሎ፣ ጥያቄ የሚያበዛውን ያሰናብቱ። ደንበኞችዎ እነማን ናቸው? ታፔላው ከመንገዱ ማዶ ይነበባል ወይስ ከበሩ ሥር? በምን ላይ ነው የሚታተመው? ይህን የሚጠይቅ ሰው ሥራውን ስለሚያውቅ ለማበላሸት አይመችም። «እሺ፣ ማታ በቴሌግራም እልካለሁ» የሚለውን ይቅጠሩ።

ዋናው ማበላሻ ግን የአማርኛው ጽሑፍ ነው። ዲዛይነሩ ፊደል ያውቅ እንደሆነ አይፈትኑት። ከኢንተርኔት የሚወርዱት ዝግጁ ቅርጾች አብዛኞቹ ለላቲን ፊደል የተሠሩ ናቸው፤ የድርጅትዎን ስም እዚያ ውስጥ ሲያስገባው አንዳንዴ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ይወጣል። ሳጥኑ ባይወጣም ችግሩ አይጠፋም። በግዕዝ ፊደል በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። ወፍራም ቅርጽ የሌለውን ፎንት ኮምፒውተሩ በግድ እንዲያወፍረው ሲታዘዝ፣ የቤ ቀለበት ቀዳዳው ይደፈንና «ምግብ ቤት» ከሩቅ «ምግብ ቢት» ይሆናል። ቦታው ጠበበ ተብሎ ፊደሉ ከጎንና ከጎን ሲጨፈለቅም፣ ቦታው ሰፋ ተብሎ ሲለጠጥም ውጤቱ ያው ነው። የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ብራናውን በወስፌ ወግተው መስመር ሳያወጡ ቀለም አይነክሩም ነበር። ያ ጥንቃቄ ባለበት አገር ፊደላችን በየአደባባዩ ተጨፍልቆ ተሰቅሎ ማየት እኔን ያመኛል፤ ንባብ የሚጀምሩ ልጆችም የሚያዩት ይህንኑ ነው።

ፎንቱ ዩኒኮድ የተባለውን የጋራ የፊደል ኮድ የሚከተል ይሁን አይሁንም አይጠይቁ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሆኖም በድሮው ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ የሚከፈትበት ጊዜ ዛሬም አለ። የስልክ ቁጥርዎ በትክክል ወጥቶ ስምዎ ብቻ ይጠፋል።

ሥራውን ስልክዎ ላይ ብቻ አይተው ያጽድቁ። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ማተሚያው ግን በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም። ስለዚህ ስልክዎ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ደብዝዞ ይወጣል። የሙከራ ቅጂ ሳያዩ አንድ ሺህ ካርድ ያሳትሙ። ከዲዛይነሩም የሚቀበሉት በቴሌግራም የተላከውን ፎቶ ብቻ ይሁን። ቴሌግራም ፎቶን ስለሚጨምቅ፣ ምስሉ ለባነር ሲያድግ ጠርዙ ይደበዝዛል። ሳይፈርስ የሚያድገውን የቬክተር ፋይል አይጠይቁ፤ ዲዛይነሩ ስልኩን በዘጋ ቀን ሎጎዎን እንደገና ያሠራሉ።

ውል የሚባል ነገርም አይጻፍ። ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም፣ የሥራው መብት የማን እንደሆነ በቃል ይቅር። ሎጎው ከሌላ ድርጅት የተገለበጠ ይሁን አይሁን አያጣሩ። በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ሊያስመዘግቡት ሄደው ከተመዘገበ ምልክት ጋር ይመሳሰላል ሲባሉ፣ ታፔላው ያኔ ተሰቅሏል።

ይህ እንዳይደርስብዎ ከፈለጉ፣ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ዲዛይነሩ በአማርኛ ሠርቶ ያሳተመውን አንድ ወረቀት በእጅዎ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ክንድዎን ዘርግተው ያንብቡት። የሠራለትን ሰው ስልክ ተቀብለውም ይደውሉ። ወረቀቱ ካልተነበበልዎት ሌላ ዲዛይነር ይፈልጉ።