ኪራይ የማይከፍል ደባል

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም፣
ከሞሪዮካ፣ ጃፓን

እኔ ከናፍቆታችሁና ከአንድ ደባል በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ያን የመሰለ ቤት በዚያ ዋጋ እንዴት አገኘህ?» ስትዪኝ መስመሩ የተቋረጠው በኔትወርክ አይደለም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደላላው ቤቱን አሳይቶኝ ሲያበቃ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና፣ የቀድሞው ተከራይ እዚሁ ውስጥ እንደሞቱ፣ አስከሬናቸውም ዘግይቶ እንደተገኘ ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የመንግሥት መመሪያ አለ፤ በኪራይ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ እስከ 3 ዓመት ገደማ ለተከራይ መነገር አለበት ይላል። የእኛ ሰፈር ደላላ ቢሆን «ሰውዬው አሜሪካ ልጃቸው ጋ ሄደው ነው» ይል ነበር። ኪራዩ የጎረቤቱ ግማሽ ነው። ፈረምኩ።

ቤቱ የድሮ የእንጨት ቤት ነው፤ ወለሉ ሰሌን፣ በሩ ወረቀት፣ መሐሉ ላይ አመድ የሞላው ምድጃ። ብዙም ሳልቆይ ሌሊት ሌሊት የሕፃን ሩጫ እሰማ ጀመር፤ ዱብ ዱብ ዱብ ይልና በሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ! አይጥ ነው አልኩ። እታለም፣ አይጥ አይስቅም። ከዚያ አንድ ሌሊት ትራሴ ከራስጌ ተነሥቶ ግርጌ ተገኘ። ሲነጋ ምድጃው ጋ ሄጄ ደርቄ ቀረሁ። አመዱ ላይ ከመዳፌ የማይበልጥ የእግር ዱካ አለ፤ አምስቱም ጣቶች ይቆጠራሉ። ሰሌኑ ላይ አመድ እያንጠባጠበ እስከ መኝታዬ ይመጣል። የተመለሰ ዱካ የለም። ብርድ ልብሱን ገልጬ አየሁ አላየሁ አትጠይቂኝ።

አንቺ በሃይላንድ የላክሽልኝን ጠበል አውጥቼ፣ በስመ አብ እያልኩ ስረጭ፣ ጎረቤቴ አሮጊቷ አይተውኝ ኖሮ በነጠላ ጫማ እየሮጡ መጡ። ጋኔን እያስወጣሁ ነው ብላቸው ሊያለቅሱ ደረሱ።

«ጋኔን» አይደለም ለካ። ዛሺኪ ዋራሺ ይሉታል፤ በዚህ በኢዋቴ የታወቀ፣ በእንግዳ ክፍል የሚኖር የሕፃን መንፈስ ነው። ትራስ ይገለብጣል፣ ይሯሯጣል፣ ግን ያለበት ቤት ይበለጽጋል። የሚያስፈራው መምጣቱ ሳይሆን መሄዱ ነው። ያናጊታ ኩኒዮ የሚባል ሊቅ ከቶኖ አገር ሰው ሰምቶ በ1910 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አለ፦ አንድ ሰው ድልድይ አጠገብ የማያውቃቸውን ሁለት ልጃገረዶች ያገኛል። ከየት ስትመጡ? ከእነእገሌ ቤት። ወዴት ልትሄዱ? ማዶ መንደር፣ ወደ እነእገሌ። ሰውዬው «የለቀቁት ባለጸጋ አበቃለት» ይላል። ብዙም ሳይቆይ ከ20 የሚበልጡት የዚያ ቤት ሰዎች እንጉዳይ በልተው በአንድ ቀን አለቁ። የተረፈችው በጨዋታ ምሳዋን የረሳች የ7 ዓመት ልጅ ብቻ ናት።

ከእኛ በስተሰሜን፣ ኒኖሄ ከተማ፣ ይኸው ሕፃን አለበት የሚባል የእንግዳ ማረፊያ አለ። በ2009 ተቃጥሎ በ2016 እንደገና ተከፈተ። ሰው አሻንጉሊት ይዞለት፣ ከፍሎ ያድራል። እኔ በቅናሽ አድራለሁ!

ስለዚህ ማታ ማታ ምድጃው ዳር ከረሜላና ዳቦ ቆሎ አስቀምጣለሁ። ከረሜላውን አይነካውም፤ ዳቦ ቆሎው ግን ጠዋት የለም። የእኛ አገር ቆሌ ቢሆን ይኼኔ ገብስማ ዶሮ ይለኝ ነበር። እርግጥ እስካሁን የበለጸግኩት በኪራዩ ቅናሽ ብቻ ነው።

የቀድሞውን ተከራይ ነገር አሮጊቷን ጠየቅኋቸው። ሊሞቱ ሰሞን «ቤቱ ጸጥ አለብኝ» ይሉ ነበር አሉኝ።

ዳቦ ቆሎው ሐሙስ አልቋል። ከሐሙስ ወዲህ ደግሞ ኮሽታ የለም። ስለዚህ እታለም፣ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ፈልገሽ ዳቦ ቆሎውን ቶሎ ላኪልኝ፤ በርበሬው ይቆይ። እስከዚያ እንጉዳይ አልቀምስም። ለእማዬ የኪራዩን ዋጋ እንጂ ሌላውን እንዳትነግሪያት።

ወንድምሽ