ለቁጡ ቆዳ አሥር ሽማግሌ

ቁጡ ሰው ሲያጋጥም በአገራችን ወግ ሽማግሌ ይላካል። ሦስት ይበቃል፤ ነገሩ ከከረረ አምስት። የዘመኑ የማታ የፊት እንክብካቤ ግን ይህን ወግ አልፎ ሄዷል። ፊቱ ቶሎ የሚቀላ፣ የሚያሳክክና የሚለበልብ ሰው፣ በዘመኑ ቋንቋ ባለ «ሴንሲቲቭ» ቆዳ፣ ከመኝታ በፊት 10 ሽማግሌ ይልክበታል፦ የዘይት ማጽጃ፣ የአረፋ ማጽጃ፣ ስክራብ፣ ቶነር፣ ኢሰንስ፣ ሴረም፣ ማስክ፣ የዓይን ክሬም፣ የማታ ክሬም፣ በላዩም ዘይት። አንዱ ይፍቃል፣ አንዱ ያቃጥላል፣ ሌላው ሽቶውን ነስንሶ ይመጣል። ጠዋት ፊቱ ብሶበት ሲገኝ ጥፋቱ የሽማግሌዎቹ ማነስ ነው ተብሎ 11ኛው ይገዛል። ይህን ሥርዓት «ለስላሳ እንክብካቤ» ብሎ የሰየመው ሰው መቼም ለቋንቋ የተፈጠረ ነው።

ተከሳሹን ቆዳ ቀርቦ ያየው ሰው ግን ቁጣው ከየት እንደመጣ አያጣውም። የቆዳ የመጨረሻው ላይኛ ንጣፍ ከወረቀት በብዙ እጥፍ የሳሳ ግንብ ነው፤ ደረቅ ሴሎች እንደ ድንጋይ ይደረደራሉ፣ ሴራማይድና ኮሌስትሮልን የመሰሉ ቅባቶች እንደ ጭቃ ያያይዟቸዋል። ግንቡ ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ሳምንታት ይፈጅበታል። ጤነኛ ሆኖ የሚቆየውም በትንሹ አሲድነት፣ ፒኤች 5 አካባቢ፣ ሲኖር ነው፤ ተራው የገላ ሳሙና ግን 9 ወይም 10 ይደርሳል። ሌሊት ደግሞ ከቆዳ የሚተነው ውኃ ይጨምራል፣ ማሳከኩም ይብሳል። እንግዲህ ምሽት ግንቡ ከሁሉም በላይ ጭቃውን የሚፈልግበት ሰዓት ነው። እኛም ሰዓቱን በጥንቃቄ መርጠን መዶሻ ይዘን እንደርሳለን፤ በሳምንታት የሚሠራውን በየማታው እንፍቃለን፣ ከዚያ «ቆዳዬ በተፈጥሮው ቁጡ ነው» ብለን በጠባዩ እናማዋለን።

«ኮሪያውያን እኮ በ10 ደረጃ ነው እንዲህ ያማሩት» የሚል ይኖራል። ለጎረቤት ልብስ መቅናት አይከፋም፤ ልኩን ሳይለኩ መልበስ ነው ጉዱ። 10 ደረጃው ዓለምን የዞረው እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ እንደ ገበያ መፈክር ሲሆን፣ እዚያው ኮሪያ ውስጥ ምርቶቹን የመቀነስ ልማድ «ስኪፕ ኬር» ተብሎ ፋሽን ሆኗል። መጨመሩን በፍጥነት የቀዳነው እኛ መቀነሱ ግን እስካሁን አልደረሰንም፤ መቀነስን የሚሸጥ ሱቅ የለማ!

ሌላው ደግሞ «የእኔ ኬሚካል የለበትም፣ ሎሚ ብቻ ነው» ይላል። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 አካባቢ ነው። ከዛፍ የተቀጠፈ ሁሉ አያቃጥልም ከተባለ ሚጥሚጣም ፊት ላይ ትሞከር፤ እሷም ተክል ናት። ሎሚ በዚህ ላይ ዕዳውን ለነገ ያሳድራል፤ ጭማቂው ያለበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ሊጠቁር ይችላል፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምታቃጥል ናት። ሲለበልብ «እየሠራ ነው» የሚለው ማጽናኛም ውበት አለው። እሳትም ይሠራል፤ ጥያቄው የሚሠራው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ከእነዚህ 10 ውጭ የሚላክ አንድ ሽማግሌ ግን በእርግጥ ይሳካለታል፤ ስም በሌለው ብልቃጥ የሚሸጠው «ሚክስ» ክሬም። በሦስት ቀን መቅላቱ ይጠፋል፣ ፊት ይጠራል፣ ሻጩ ይመሰገናል። ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶልን ወይም ቤታሜታዞንን የመሰለ ስቴሮይድ ነው፤ ሐኪም ሲያዝዘው ለአጭር ጊዜ የሚጠቅም፣ ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳን የሚያሳሳ፣ የደም ሥርን የሚያወጣና ብጉር የሚያፈላ። ሲቋረጥ የፊተኛው ቁጣ ከነወለዱ ይመለሳል። ይህ ሽማግሌ አላስታረቀም፤ የተበዳዩን አፍ ነው ያፈነው። ቆዳ የሚያነጣ ሜርኩሪ ያለበት ክሬምማ ከዚህም ይከፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት እንዲህ ያሉ ክሬሞች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ የወሰነው በዋዛ አይደለም። በዚህ ወጥመድ የገባ ሰው በራሱ ድንገት ከማቆም ይልቅ የቆዳ ሐኪም ቢያማክር ይሻለዋል።

«ታዲያ ሬቲኖይድ? እሱ እኮ የተረጋገጠ ነው» ቢባል እውነት ነው፤ ከሬቲኖይድ ወገን የሆነው ትሬቲኖይን ለብጉር አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፣ እስከ ዛሬም ይሠራል። እውነተኛ ሽማግሌ ግን ግርግር አይወድም፤ ቆዳው ከተረጋጋ በኋላ፣ ብቻውን፣ በትንሹ፣ በሳምንት ሁለት ማታ ይጀመራል። እስከዚያው ሥርዓቱ የሚያሳፍር አጭር ነው፦ ለብ ያለ ውኃና ሽቶ የሌለው ለዘብተኛ ማጽጃ አንድ ጊዜ፣ ሳይፈትጉ በፎጣ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ፣ ፊቱ እርጥበቱን ሳይለቅ ግሊሰሪን ወይም ሴራማይድ ያለበት ቅባት። ለሚሰነጠቀው ቦታ እ.ኤ.አ. በ1872 የባለቤትነት መብት የተመዘገበለት ቫዝሊን ይበቃል። አዲስ ነገር ካማረ ደግሞ መጀመሪያ ክንድ ላይ ለጥቂት ቀናት ይሞከር፤ ሁለት አዲስ ነገርም አብሮ አይጀመር፣ ያለዚያ ጥፋተኛው አይለይም።

ይህ ምክር አንድ ከባድ ጉድለት እንዳለበት አይካድም። በሦስት ደቂቃ ስለሚያልቅ ለቲክቶክ አይበቃም፤ ዋጋውም ለጓደኛ ተነግሮ የሚያኮራ አይደለም። ግን ሽምግልናን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፦ ተበዳይ የሚታረቀው በሽማግሌው ብዛት አይደለም፤ አስቀድሞ ዱላው ሲቆምለት ነው።