«ፌሮ የለውም?»፦ የኮልፌ ዕቁብተኞች በፋሲል ግቢ ስላደረጉት የእግር ጉብኝት የቀረበ ጥናት

ስለ ጎንደር ግንቦች ብዙ ተጽፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማዋ ድረስ መጥቶ፣ አገሩ ሲመለስ የጉዞውን ነገር በአምስት ቅጽ አሳትሟል። የግንቦቹ አሠራር ከፖርቱጋል ነው፣ ከህንድ ነው፣ ከቱርክ ነው ወይስ ከአገር ልጅ እጅ በሚለው ላይ ሊቃውንት ዛሬም አልተስማሙም። በአስጎብኚ እየተመራ ግንቦቹን በእግሩ ስለሚዞረው አነስተኛ ቡድን ግን ይህ አጥኚ ያነበበው ነገር የለም። ብሩስም ቢሆን የዞረው ያለ ዕቁብተኛ በመሆኑ፣ ምስክርነቱ በዚህ ረገድ ጎዶሎ ነው።

ለናሙናነት የተመረጠው ከኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የተነሣ አንድ የሠፈር ዕቁብ ነው። የተመረጠበት ሳይንሳዊ ምክንያት አጥኚው የዕቁቡ አባል መሆኑና ኮስተሩ ላይ ትርፍ ወንበር መገኘቱ ነው። ኮልፌ ቀራንዮ ነገሥታት ግንብ የሠሩበት አገር አይደለም። ከዓለም ታሪክ የደረሰው ድርሻ የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ነው፤ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚያ ነው። ሆኖም ታክሲው በዚያ በኩል ሲያልፍ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ» ከማለት በቀር ስለ ታሪክ የሚሰጠው አስተያየት የለም። ክፍለ ከተማው የሚያስበው ስለ ቤት ነው። አጠና ተራ አጠናውን ይሸጣል፤ ዓለም ባንክና ቤቴል ቤቱን ይሠራሉ፤ አየር ጤና ሰርቪሱን ያከራያል፤ የቀረው ሕዝብ ይከራያል። ከዚህ በመነሣት የጥናቱ መላምት እንዲህ ተቀርጿል፦ የኮልፌ ሰው ግንብ አያይም፤ ቤት ያያል።

ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥናቱ የተካሄደው መንገዱ ለኮስተር ክፍት በነበረበት ጊዜ ሲሆን፣ ስለ ዓባይ በረሃና ደብረ ማርቆስ ላይ ስለተበላው ምሳ የተሰበሰበው መረጃ ብዛት ስላለው ራሱን ችሎ ይቀርባል።

ጉብኝቱ በይፋ የሚጀምረው አስጎብኚው አፉን ሲከፍት እንደሆነ በስሕተት ይታመናል። የሚጀምረው ቲኬት መስኮቱ ላይ ነው። የመግቢያው ገንዘብ ገና ከኮልፌ ሳንነሣ ከሁሉም ተሰብስቦ ጸሐፊው ኪስ ገብቷል። ይህ ግን ክርክሩን አላስቀረውም። «ይተዉ ጋሼ፣ እኔ አለሁ!» «በማርያም እጅህን መልስ!» «በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ዛሬስ አይሆንም!» ሁለት ሰዎች ሦስተኛውን ክንዱን ጠምዝዘው ያዙት። አራተኛው አንድ ብር እንኳ ሳያወጣ ቦርሳውን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ። ይህ ሁሉ ሲሆን አጎንብሶ የጫማ ክር ሲያስር የቆየ አንድ አባል ተመዝግቧል፤ ጫማው ክር የሌለው እንደነበር በኋላ ተረጋግጧል። በመጨረሻ ጸሐፊው ከፈለ። ደረሰኙንም ለዕቁቡ ዳኛ አሳይቶ በፕላስቲክ ከረጢት አደረገው።

አስጎብኚው ጎንደሬ ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፁን ለሦስት ግንብ የሚያዳርስ። «እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እስቲ ሰብሰብ በሉልኝ» ብሎ ጀመረ። አጼ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው፤ ግቢው 70,000 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ዙሪያውን የሚከበው አጥር 900 ሜትር ርዝመት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቡድኑ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንዱን ብቻ ነው።

«ሰባ ሺህ ካሬ!» አሉ የዓለም ባንኩ ባለ ቤት።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ሁሉም በሊዝ እያባዛ ነበር።

አስጎብኚው ቀጠለ። ከፋሲል በፊት ነገሥታቱ ከካምፕ ወደ ካምፕ የሚዘዋወሩ፣ ድንኳን ነቅለው ድንኳን የሚተክሉ እንደነበሩ፣ ፋሲል ግን አንድ ቦታ ለመርጋት እንደወሰኑ አስረዳ። የታሪክ ምሁራን ለዚህ ውሳኔ የጦርነት፣ የንግድና የሃይማኖት ምክንያቶችን ይደረድራሉ። በቅርቡ ከአየር ጤና ወደ ካራ ቆሬ ዕቃዋን ጭና የተዛወረች አንዲት የዕቁብ አባል ግን ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቋጨችው፦ «ዕቃ መጫን ሰልችቷቸው ነው።» አስጎብኚው ሊመልስ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። አጥኚውም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘም።

በፋሲል ግንብ ሥር፣ አራቱ እንቁላል መሰል ጉልላቶች ከላይ እየተመለከቱን፣ የጥናቱ ዋና ሙከራ ተካሄደ። ግንበኛው አባላችን ድንጋዩን በመዳፉ መታ መታ አደረገና የመጋጠሚያውን ኖራ በጥፍሩ ፈተሸ።

«ፌሮ የለውም?»

«የለውም ጋሼ፤ ድንጋይና ኖራ ነው።»

«ስሚንቶስ?»

«ስሚንቶም የለውም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ሲጠግነው ስሚንቶ አስገብቶበት ነበር። ለድንጋዩ ስላልተስማማው በኋላ በእድሳት ወደ ኖራው ተመለሰ።»

ግንበኛው ግንቡን ከታች እስከ ላይ እንደገና አየው። ከኮልፌ ከተነሣን ጀምሮ ጨዋታ ያላቋረጠ ሰው፣ እስከ ከሰዓት ድረስ ከዚያ በኋላ አልተናገረም። የአጠና ተራው ነጋዴ በበኩሉ የተጨነቀው ስለ መወጣጫው ነበር፦ ያን ያህል ከፍታ ለመውጣት ስንት አጠና ፈጀ? ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በምኒልክ ዘመን መሆኑን አስጎብኚው ሲነግረው፣ ፋሲልን በጣም አዘነላቸው።

እዚህ ላይ አጥኚው ያገኘውን አንድ ሕግ ማስመዝገብ ይወዳል። አነስተኛ ቡድን በአንድነት አይሄድም፤ ይለጠጣል። ራሱ ከአስጎብኚው አፍንጫ ሥር ነው፤ ወገቡ ፎቶ ያነሣል፤ ጭራው አየር ጤና ላይ የጀመረውን የውሃ ቆጣሪ ጉዳይ ገና አልጨረሰም። ጭራው ፋሲል ግንብ ሥር ሲደርስ አስጎብኚው ወደ ልጃቸው ወደ ቀዳማዊ ዮሐንስ አልፏል። በዚህ ምክንያት ጭራው ላይ የነበሩት ትልቁን ግንብ አጼ ዮሐንስ እንደሠሩት ተረድተዋል። እሳቸውንም መተማ ላይ ከወደቁት ከአራተኛው ዮሐንስ ጋር አንድ አድርገዋል። በሁለቱ ዮሐንሶች መካከል 200 ዓመት ገደማ አለ፤ በራሱና በጭራው መካከል 20 እርምጃ ነበር። ስለዚህ ከአስጎብኚ በአንድ እርምጃ መራቅ አሥር ዓመት ያሳስታል። በአውሮፓ ግንቦች ይህን ችግር ለመፍታት ለእያንዳንዱ ጎብኚ የጆሮ ማዳመጫ ያድላሉ ይባላል። ለኮልፌ አይሠራም፤ በማዳመጫ እየሰሙ ስለ ቆጣሪ መነጋገር አይቻልም።

መላምቱ ከተጠበቀው በላይ የጸናው ከፋሲል ግንብ አልፈን ስንሄድ ነው። ዮሐንስ አባታቸው ቤት እንደ መግባት የራሳቸውን ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤት ሠሩ። ልጃቸው ቀዳማዊ ኢያሱ የራሳቸውን ግንብ አቆሙ፤ በወርቅ፣ በዝሆን ጥርስና በመስታወት አስጌጡት። ከኢያሱ ልጆች ዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፣ በካፋ የግብር አዳራሽ ጨመሩ። እቴጌ ምንትዋብም የየራስ ቤት ባህሉን አላፈረሱም። አስጎብኚው ይህን የዘውድ ክብር መግለጫ ነው አለ። ቡድኑ በትዕግሥት ሰማው። ከዚያ የቤቴል እናታችን እንዲህ አሉት፦ «የኔ ልጅ፣ ይሄማ እኛም ጋ አለ። አንድ ካርታ ላይ ልጆች እየተጋቡ ጓሮውን ጨረሱት በለን እንጂ።»

አስጎብኚው እስከዚህ ድረስ ቡድኑን ሙሉ በሙሉ የያዘበት ጊዜ አልነበረም። ያዘው ግን፤ በድንገት፣ ምንትዋብ ግንብ ጥላ ሥር። የምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1755 ሲሞቱ ዙፋኑ ለሕፃኑ ኢዮአስ ሆነ። ማን ይምራው? አያቱ ምንትዋብ «እኔ እስካሁን ስመራ ኖሬ» አሉ፤ እናቱ ውቢት ደግሞ «ባሌ ሲነግሥ እናቱ መርታለች፤ አሁን ልጄ ነገሠ፣ ተራው የእናቱ ነው» አለች። ፎቶ ያነሡ የነበሩት ስልካቸውን አወረዱ። ጭራው ሮጦ ራሱን ደረሰበት። የቆጣሪው ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቋረጠ። የሁለቱ ፀብ ወገን ለይቶ፣ ለማስታረቅ ራስ ሚካኤል ስሑል ከትግራይ ተጠርተው፣ እሳቸው ሲገቡ ኢዮአስ ተገድለው፣ እ.ኤ.አ. በ1769 ዘመነ መሳፍንት መጣ። አገር ለሰማንያ አምስት ዓመት ተከፋፈለች።

«አማትና ምራት፣ አንድ ግቢ!» አሉ የቤቴሏ እናት፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን መጀመሪያ አትነግረንም ነበር? ስለ ድንጋይ ስታወራ አረፈድክ።»

ሴቶቹ ወዲያው ከሁለት ተከፈሉ። የምራት ወገን የነበሩት ከወንድ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩት አልነበሩም።

ጥናቱ ሳይነካው ማለፍ የማይችለው አንድ የጎብኚ ዓይነት «አራሚው» ነው። በእያንዳንዱ ቡድን አንድ ይገኛል፤ ሁለት ከተገኙ ጉብኝቱ ይቋረጣል። አራሚው ዕድሜው የገፋ፣ ኮፍያ የሚያደርግ፣ እጁን ከኋላው የሚያጣምር ሲሆን፣ የመጣው ለማየት ሳይሆን ለመመርመር ነው። የኛው አራሚ ጣራ አልባው የኢያሱ ግንብ ላይ ደረሱበት። አስጎብኚው ግንቡን እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ እንደጎዳው፣ ኋላም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግቢው ውስጥ የመሸገውን ጣሊያን ሲመቱ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ እንደጣሉበት ተናገረ።

«ጣሊያን ነው የጣለው» አሉ አራሚው።

«እንግሊዝ ነው አባቴ፤ ጣሊያን ውስጥ ነበር።»

«ውስጥ ሆኖ ነው የጣለው። አባቴ ነግሮኛል።»

አስጎብኚው ወደ ሰማይ አላየም፤ አልተከራከረም፤ መጽሐፍም አልጠቀሰም። «ልክ ነው አባቴ፤ እንደዚያም ይባላል» አለና አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ይህች ቃል በአስጎብኚነት ሙያ ውስጥ ያላት ቦታ በሚገባ አልተጠናም። ሰውየው ረትቷል፤ እንግሊዝም ከቦምቡ ነጻ አልወጣም፤ ጉብኝቱም ቀጥሏል። አጥኚው ቃሏን በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሞክሯት ነበር፤ እዚያ የሚሏት እነሱ ናቸው።

የአንበሶቹን ቤት በፍጥነት አለፍነው፤ ስለ ቀለባቸው የተነሣው ጥያቄ ብቻ ሩብ ሰዓት ወሰደ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ካልተሞላ ደረቅ ነው፤ «ታንከሩ» የሚል ስም ተሰጥቶት ታለፈ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ሁሉም አንጋጦ ቆመ። ጣራውን የሸፈኑት የመላእክት ፊቶች ሁሉንም በየአቅጣጫው ያዩታል። ሙስሊም የሆኑት አባላት ከደጅ ሆነው በበሩ በኩል አይተዋል። ግንበኛው እዚህ ነው ዝምታውን የሰበረው፦ «ኮርኒስ ማለት ይሄ ነው።»

መውጫው ሲቃረብ የአስጎብኚው ድምፅ እንደሚለሰልስና ነገሥታቱ ሁሉ ደግ እንደሚሆኑ ተስተውሏል። የአስጎብኚው ክፍያ ተከፍሏል፤ «የሻይ» ግን ሌላ ነው። ቲኬት መስኮቱ ላይ ክንድ የተጠማዘዘባቸው እነዚያው ሰዎች በዚህ ጊዜ ግቢውን እንደገና ማየት አማራቸው። የጫማ ክር ያስር የነበረው አባል ግን፣ ከሁሉም ግምት ውጭ፣ የታጠፈ ብር በሰላምታ አስመስሎ አስጎብኚው መዳፍ ውስጥ አኖረ። ይህ የጥናቱን ግማሽ መደምደሚያ ስላበላሸ በግርጌ ማስታወሻ ሊቀመጥ ይገባው ነበር። የጋራ ፎቶውን ያነሣው አስጎብኚው ስለሆነ፣ ከፎቶዎቹ በአንዱም ላይ የለም።

ዕቁቡ ከተመለሰ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ስብሰባ የቀጣዩ ጉዞ አጀንዳ ተይዟል። ላሊበላ ቀርቦ ነበር፤ ግንበኛው «እሱማ ኖራም የለውም፣ ጭራሽ ተፈልፍሎ ነው» ሲል ድጋፉን ነፈገ። የዓለም ባንኩ ባለ ቤት ስፋቱን ጠየቁ። በመጨረሻ ላንጋኖ ተመርጧል፤ አስጎብኚ የለውም። አራሚው ብቻ ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል።