እምቢ ያለች ዳዶ

በ2002 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ እናቴን ይዤ የአጎቴን ተዝካር ለማውጣት ወደ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ሄድን። መኪናዬ ከአውሮፓ ያገለገለች ሆና የገባች አሮጌ ኮሮላ ነበረች። እዚያ ክረምት በመጣ ቁጥር በረዶው እንዲቀልጥ አስፋልቱ ላይ ጨው ይበተናል። ያ ጨው ሆዷን በልቶት መምጣቱን ያወቅሁት ሞላሌን አልፈን አንድ ቁልቁለት ላይ ነው። ፍሬን ስይዝ እግሬ ሰመጠ። ደግሜ ረገጥሁ፤ አሁንም ሰመጠ። በሦስተኛው ግማሽ ላይ ያዘልኝ። የኮሮላ ፍሬን በሁለት መስመር የተከፈለ ነው፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው ሁለት ጎማ ይይዛል። እኔንና እናቴን ያተረፈን ይኸው ነው። መንገዱ ያኔ ፒስታ ነበር፤ በሁለተኛ ማርሽ እያዘገምሁ ገባን። ለእናቴ አልነገርኋትም።

ተዝካሩ በወጣ ማግስት መኪናዋ ሥር ገባሁ። በግራ የኋላ ጎማ በኩል፣ ቀጭኑ የብረት ቧንቧ ከላስቲኩ ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ዳዶ አጠገብ ቧንቧው ዝጎ ተበሳስቷል፤ ዘይቱ ከአቧራ ጋር ተለውሶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ቧንቧው መለወጥ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ዳዶዋ መፈታት አለባት። 10 ቁጥር ቁልፍ አስገብቼ ጎተትሁ። ቁልፉ ሲዞር ደስ አለኝ። የዞረው ግን ቁልፉ ብቻ ነበር፤ ዳዶዋ ንቅንቅ አላለችም። ጠርዟ ተላጦ፣ ከዝገቱ መካከል እንደ ብር የሚያበራ አዲስ ብረት ብቅ አለ። አፉ ክፍት የሆነ ቁልፍ ከስድስቱ ጎን ሁለቱን ብቻ ነው የሚይዘው። ለፍሬን ቧንቧ የሚሆነው ዙሪያውን የሚያቅፍና ቧንቧው እንዲገባለት ብቻ አፉ ጠበብ ብሎ የተከፈተው ቁልፍ ነው። እሱን አልያዝሁም፤ አለመያዜ ጥፋት ነበር።

ፒንሳ አምጥቼ ልነክሳት ስል፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ የሰፈሩ አዛውንት ዱላቸውን ተመርኩዘው ጎንበስ አሉ።

«ተው ልጄ፣ እጅህን አንሣ።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀራት።»

«የቀራት መሰበር ነው።»

ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በጥርሶቹ መካከል ሲያብጥ ዳዶውን ከመቀመጫው ያጣብቀዋል፤ በውስጥ በኩል ደግሞ ከቧንቧው ጋር ያጋባዋል። በግድ ካዞሩት ቧንቧው አብሮ እንደ ገመድ ይከረራል። ይህን ሁሉ እንደ ዛሬ አላውቅም ነበር። እሳቸው በሽቦ ብሩሽ አስጠርገውኝ፣ ጥጥ በላምባ ነክረው ጠብ ጠብ አደረጉበት፤ በመዶሻ ቀስ ብለው ኳኳ አደረጉና ተዉት። አንድ ወጣት «እሳት እናሳያት?» ቢል ተቆጡት። የፍሬን ዘይት ይነዳል፤ ላስቲኩም እዚያው አጠገቡ ነው። በየሰዓቱ ላምባውን እየደገምን አመሸን።

ሌሊቱን ባና ለብሼ ዐይኔ ሳይከደን አደርሁ። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የታኅሣሥ ውርጭ አጥንት ይገባል። ያሳሰበኝ ግን ብርዱ አይደለም። ስመለስ አክስቴን ደብረ ሲና ላደርሳት ቃል ገብቻለሁ። ከጣርማ በር ቁልቁል መውረድ ማለት ነው። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ፍሬን የተቃጠለበትን ሽታም ያውቀዋል። የጣርማ በርን ዋሻ በወረራው ዘመን ጣልያን ፈለፈለው፤ ፍሬን፣ ዳዶ፣ ብሎን፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ የምንላቸውን ቃላትም ከጣልያንኛ ነው ያገኘናቸው። የአርበኛ ልጅ የሆኑት አዛውንት እነዚያን ቃላት እንደ እናታቸው ቋንቋ ሲጠሯቸው መስማት ልቤን ነካው። ቃሎቹ የእኛ ከሆኑ ቆይተዋል።

ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጭቶ ሳለ አዛውንቱ ደረሱ። ቧንቧውን እንደሆነ እንጥለዋለን፤ ስለዚህ ከዳዶዋ ሥር በሰጌቶ አስቆረጡኝ። አሁን ድፍን ቡሶላ ከላይ ይገባል። ጠርዟን ስለላጥሁት ግን 10 ቁጥሩ ላላባት። ከኪሳቸው በኢንች የሚለካ ቡሶላ አወጡ፤ ሦስት ስምንተኛ፣ ከ10 ሚሊ ሜትር በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሚያንስ። በመዶሻ እየመታሁ አስገባሁት፤ ነከሰ።

«መጀመሪያ አጥብቃት» አሉኝ።

«ላጥብቅ?»

«የፀጉር ያህል። ከዚያ መልሳት።»

አጠበቅሁ፤ መለስሁ። ጢቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቅ ባቄላ በጥርስ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ። ከዳዶዋ ሥር ቀይ ዱቄት ረገፈ። ከዚያ በኋላ ሩብ ዙር ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ላምባ፣ ደግሞ ሩብ ዙር። በእጄ መዳፍ ላይ ስትወድቅ ገና ትሞቅ ነበር።

አዲሱ ቧንቧ በልክ ተሠርቶ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠበቅን። ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ ለወጥነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ ነው፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ደጋ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ የመሐል ሜዳ የሻይ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ዘይቱ ረጅም ቁልቁለት ላይ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ጎማ አይዝም። ሹፌር ሁሉ ይህን ቢያውቅ እላለሁ።

ቧንቧው ውስጥ የገባውን አየር ስናስወጣ የአጎቴ ልጅ መሪው ጋ ተቀመጠ፤ እኔ ከሩቁ ጎማ ጀመርሁ። «ርገጥ! ያዝ! … ልቀቅ!» አሮጌው ዘይት ቡና መስሎ፣ አረፋውን እየተፋ ወደ ሃይላንድ ጠርሙሱ ወረደ። አረፋው እስኪጠፋ፣ ዘይቱ የማር ውኃ እስኪመስል ስንጮህ የሰፈሩ ልጆች አብረውን «ልቀቅ!» ይሉ ነበር።

አዛውንቱ ብር አልቀበልም አሉ። ቡሶላውን ሰጡኝ እንጂ።

ጣርማ በር ስንደርስ፣ ዋሻው ከመግባታችን በፊት ዳር ይዤ ቆምሁ። አክስቴ ከኋላ ወንበር ቀና አለች።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንህ?»

«ምንም አልሆንሁ፤ አንድ ነገር ልይ።»

ተንበርክኬ እጄን በግራ የኋላ ጎማ በኩል አስገባሁና በጣቴ ዳዶዋን ዙሪያዋን ዳሰስሁ። ጣቴ ላይ የመንዝ አቧራ ብቻ ነበር፤ ደረቅ። መኪናዋ ውስጥ ገባሁ፤ ፔዳሉን ረገጥሁት። ከላይ ያዘ።