ጫማ ለሰቀለ አጥቂ ለቅሶ የመድረስ ሥርዓት በቦንጋ

በካፋ ዞን ዋና ከተማ በቦንጋ አንድ አንጋፋ አጥቂ ከእግር ኳስ ሲሰናበት የሚፈጸመው ሥርዓት ከሠርግና ከተዝካር ባልተናነሰ የራሱ ደንብ፣ የራሱ ቅደም ተከተልና የራሱ ባለሙያ ያለው ሆኖ ሳለ፣ የባህል አጥኚዎች እስከ ዛሬ ችላ ማለታቸው የሚያስገርም ነው። ቡናውን፣ ማሩንና በጉን ሊያጠኑ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የሚመጡ ሊቃውንት፣ እሑድ ማታ ካረፉበት ሆቴል ወጥተው ሁለት በር ቢያልፉ ኖሮ፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን ደን በባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘግብ ምን ያህል ቅርስ ረስቶ እንደ ሄደ በተረዱ ነበር። የሥርዓቱ ዋና ሕግ አጭር ነው፦ አጥቂ ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ ይሰደባል፣ በቃኝ ባለበት ሰዓት ይለቀስለታል። ቅደም ተከተሉ አይዛባም። ገና ጎል በማግባት ላይ ያለን ሰው ማመስገን ያልደረቀ ቡና እንደ መቁላት ያለ ችኮላ ነው፤ ጭሱ እንጂ መዓዛው አይገኝም።

በቅድሚያ «ጫማ ሰቀለ» የሚለው ሐረግ ሊብራራ ይገባል። ሐረጉ ተጫዋቹ ዳግመኛ ላይጫወት መወሰኑን የሚያመለክት የስፖርት ጋዜጠኞች አነጋገር ሲሆን፣ ከእንግሊዞች የተወሰደ ነው። እንግሊዞች ግን ጫማው የት እንደሚሰቀል አልተናገሩም፤ ይህ ደግሞ ቦንጋን በመሰለ፣ ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ በሚያለቅስበት አገር ቀላል ጉዳይ አይደለም። በቦንጋ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጫማ ብዙ ሳይቆይ ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ የሠፈር ተጫዋች ጭቃውን በእንጨት ፍቆ፣ ክሮቹን አስሮ፣ ጫማውን ከምድጃ በላይ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቅለዋል፤ በማግሥቱ ገና እርጥበቱ ሳይለቅ አውርዶ ያጠልቀዋል። በዚህ አገር ጫማ የሰቀለ ሰው ነገ የሚጫወት ሰው ነው ማለት ነው። የሐረጉ ትርጉም በዚህ መልኩ መገልበጡ በለቅሶው ላይ ያስከተለው ችግር እስካሁን የለም፤ አልቃሾቹ የሚያለቅሱት ጫማው ጭስ ለማያውቅ ሰው ብቻ ነውና።

ሥርዓቱ የሚፈጸመው በኳስ ቤት ነው። ኳስ ቤት ማለት አንድ ዲሽ፣ አንድ ቴሌቪዥንና ከተመልካቹ ቁጥር ያነሱ አግዳሚ ወንበሮች ያሉት፣ በሩ ላይ የመግቢያ የሚሰበሰብበት ቤት ሲሆን፣ ከደጁ የተደገፈው ጥቁር ሰሌዳ የዕለቱን ጨዋታ በጠመኔ ያውጃል። ዝናብ የነካው ጠመኔ ስለሚደበዝዝ አንዳንድ ጊዜ ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ ብቻ ይነበባል፤ ይህ ግን ደጋፊውን አያሳስበውም፤ የእሱ ቡድን ስም ከተነበበ ሌላው የሚሸነፈው ነው። በውስጥ ያለው ቋንቋ አማርኛና ካፊኖኖ እየተፈራረቀ የሚነገርበት ሲሆን፣ ሰዋስውን በሚመለከት አንድ የማይሻር ደንብ አለው። ኳስ መረብ ሲነካ ግሡ የአንደኛ መደብ ብዙ ቁጥር ይሆናል፤ «አገባን» ይባላል። ኳሷ ወደ ሰማይ ስትሄድ ግን ወዲያውኑ ወደ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ቁጥር ይዞራል፤ «ሳተ» ይባላል። ጎሉ የሁሉም፣ ስሕተቱ የአንድ ሰው ነው። ከዚህ የተሻለ የአክሲዮን አሠራር በየትኛውም ባንክ አይገኝም።

ሥርዓቱን በተግባር ለማየት ከዌይን ሩኒ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ሩኒ በ1996 ዓ.ም. ክረምት በ18 ዓመቱ ማንቸስተር ዩናይትድን የተቀላቀለ፣ 559 ጊዜ የተሰለፈና 253 ጎል ያስቆጠረ፣ የክለቡም የምንጊዜም ከፍተኛ ጎል አግቢ የሆነ አጥቂ ነው። በ2009 ዓ.ም.፣ ማለትም በክለቡ የመጨረሻ ዓመቱ፣ ሰውዬው ገና 31 ዓመቱ ነበር፤ በኳስ ቤት አቆጣጠር ግን ከጦር ሜዳ የተመለሰ ዘማች ዕድሜ ተሰጥቶታል። «እግሩ ሞቷል»፣ «ቆሞ ነው የሚጫወተው»፣ «ሆዱ ቀድሞት ይደርሳል»፣ «ለልጆቹ አይለቅላቸውም እንዴ?» የሚሉ ምዘናዎች፣ ሙሉ ዘጠና ደቂቃ ከአግዳሚ ወንበር ሳይነሱ በተቀመጡ ሰዎች ስለ ቅልጥፍና የተሰጡ መሆናቸው ክብደታቸውን ይጨምረዋል። ከታዛቢዎቹ አንዳንዶቹ ወደ ኳስ ቤቱ የሚወስደውን አጭር ዳገት ለመውጣት ባጃጅ የሚሳፈሩ መሆናቸውም የባለሙያነታቸው ምልክት እንጂ ሌላ ትርጉም ሊሰጠው አይገባም።

ከዚያ ጥር 7 ቀን 2013 ዓ.ም. መጣ። ዕለቱ ሥላሴ፣ ቀኑ ዓርብ፣ ጥምቀት አራት ቀን የቀረው፣ የእሸት ቡና ገንዘብ ገና ከኪስ ያልተሟጠጠበት ወቅት ነበር። ሩኒ በ35 ዓመቱ መጫወት ማቆሙን አስታወቀ። በአገሩ ወግ መርዶ፣ ማለትም የሞት ዜና፣ ሽማግሌዎች ተመርጠው በማለዳ፣ ቀስ ተብሎና ተጠንቅቆ የሚነገር ነው፤ ይህኛው ግን በስልክ እየተቀባበለ ከተማዋን አዳረሰ። ጭንብሉን ለኮሮና መከላከያ ሲል አገጩ ላይ ያንጠለጠለ ደጋፊ ሌላውን ደጋፊ በትከሻው ገጭቶ «ሰማህ አይደል? አጣነው» ሲለው፣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ከንፈሩን ይመጥጣል። ግሡ ወደ አንደኛ መደብ ብዙ ቁጥር መመለሱን ልብ ይሏል። «ሟቹ» በዚያው ዕለት ለደርቢ ካውንቲ ዋና አሠልጣኝነት የሁለት ዓመት ተኩል ውል ፈርሞ ደመወዙን እያሰበ መሆኑ የለቅሶውን ሙቀት በምንም መልኩ አልቀነሰውም።

በለቅሶው ላይ ድምፁ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ማን እንደሆነ መመርመር ጠቃሚ ነው። ተራ ሰው፣ ሲደግፈው የኖረው ይሆናል ብሎ ያስባል። ስሕተት ነው። አልቃሽ፣ ማለትም የሟችን ታሪክ በዜማ እየዘረዘረ ሌላውን የሚያስለቅስ ሰው፣ ሟቹን ከቅርብ የሚያውቅ መሆን አለበት፤ አጥቂውን ደግሞ እንደ ሰዳቢው አጥብቆ የተከታተለው ማንም የለም። እያንዳንዱን የሳተ ኳስ የቆጠረ ሰው ያገባቸውንም ሳይወድ በግዱ ቆጥሯል። ስለዚህ «ሆዱ ቀድሞት ይደርሳል» ባዩ ተነሥቶ በማንቸስተር ሲቲ ላይ በአየር ተገልብጦ ያገባትን ጎል በእጁና በወገቡ ሲያሳይ፣ ወንበሩ ሊሰበር ሲደርስና ጀበናዋን ልታስቀምጥ የነበረችው ቡና የምታፈላ ሴት ወደ ኋላ ስትሸሽ፣ የተመለከተ ሁሉ ከልቡ ማዘኑን ሊጠራጠር አይገባም። ሰውዬው በእርግጥ አጥቷል፤ ነገ የሚሰድበው የለም።

«ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም» የሚለው አባባል አብዛኛውን ጊዜ በምሬት የሚነገር ቢሆንም፣ በጥሞና ሲታይ ጥልቅ የቁጠባ መርሕ ነው። ምስጋና ውድ ነገር ነው፤ በየሳምንቱ ቢከፈል ማን ይችለዋል? በመሥሪያ ቤቶችም ዘንድ ይኸው መርሕ ሠርቷል፤ ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤቱን ሰዓት እንደ ሰበረ ሰው ሲታይ የኖረ ጸሐፊ ጡረታ በወጣ ዕለት ጋቢ ለብሶ «የማይተካ» ይባላል፤ በማግሥቱም ይተካል። ሥርዓቱን የማያውቁት እንግሊዞች ብቻ ናቸው። አርሰናል ለቲየሪ ሄንሪ በስታዲየሙ ደጅ ሐውልት ያቆመለት በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሰውዬው ግን ጨዋታ ያቆመው ከሦስት ዓመት በኋላ በ2007 ዓ.ም. ነው። ይባስ ብሎ ሐውልቱ በቆመ በወሩ በውሰት ተመልሶ፣ ከራሱ ምስል ጎን አልፎ ገብቶ፣ ሊድስ ላይ ጎል አገባ። ሕያው ሰው ሐውልቱን እያየ ወደ ሥራ እንዲገባ ማድረግ ከነውርም በላይ ነው፤ የቦንጋ ደጋፊ ቢማከር ኖሮ ነገሩ ባልሆነ ነበር።

የሥርዓቱ ትልቁ ምስጢር ያለው ግን በዘመን አቆጣጠሩ ውስጥ ነው፤ ለዚህም ጥር 13 ቀንን መመልከት ይበቃል። የቃና ዘገሊላ ማግሥት የሆነችው ይህች ዕለት ለአጥቂዎች የተለየች ናት። በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፣ አራተኛዋን ጎል ያገባው የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ ነው። በጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስትለያይ፣ ሳላዲን ሰይድ የመታት ፍጹም ቅጣት ምት በግብ ጠባቂው ከዳነች በኋላ አቻ የምታደርገዋን ጎል ያገባው አዳነ ግርማ ነው። በጥር 13 ቀን 2009 ዓ.ም. ሩኒ ስቶክ ላይ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች በቅጣት ምት 250ኛ ጎሉን አግብቶ የቦቢ ቻርልተንን ክብረ ወሰን አለፈ። እንግዲህ በኳስ ቤቱ ውስጥ «ጥር 13 ምን ቀን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚነሡት እጆች ሦስተኛውን ዓመት የሚጠሩ መሆናቸው አያጠራጥርም። ይህን የመርሳት ውጤት አድርጎ ማየት ግን ስም ማጥፋት ይሆናል። መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ያረፈው በራሱ አገር ሲሆን፣ በራሱ አገር የሞተ ሰው ቀባሪ አያጣም ተብሎ ይታመናል፤ ለሩኒ ግን ከቦንጋ ሰው በቀር ማን አለው?

የርኅራኄው ስፋት ይበልጥ የሚደንቀው በዚያው የ2013 ዓ.ም. ጥር ወር ጅማ ምን ታስተናግድ እንደነበር ሲታሰብ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ በዚያ ዓመት በየከተማው እየዞረ ሲካሄድ፣ ከቦንጋ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ጅማ አንዷ አስተናጋጅ ነበረች፤ በዚያው የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ የሊጉን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ። ጨዋታዎቹ ዲ.ኤስ.ቲቪ የማስተላለፊያ መብታቸውን ገዝቶ፣ ሩኒ በታየበት በዚያው ዲሽ፣ በአማርኛ ትንተና ይተላለፉ ነበር። ክለቡ ቡና፣ ዲሹ በቡና ገንዘብ የተገዛ፣ ተመልካቹ የቡና መገኛ አገር ሰው። ርቀቱ ግን አነሰ። ለአንድ አጥቂ ለማልቀስ ቢያንስ ሁለት ባሕር መኖር አለበት፤ ጅማ ድረስ ያለው ደግሞ ጎጀብ ወንዝ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በታች የዞኑን ስም ይዞ በከፍተኛ ሊግ፣ ማለትም ከፕሪምየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው እርከን፣ የተጫወተው ካፋ ቡና አለ። የእንዲህ ያለ ክለብ አጥቂ በሥርዓቱ ውስጥ ያለው ደረጃ ልዩ ነው፤ አይሰደብም፣ ስለዚህም አይለቀስለትም። ስንብቱን የሚያውጅለት የለም፤ አንድ ቅዳሜ ከሰልፉ ይጎድላል፣ ከወራት በኋላ አንዱ «ያ ልጅ የት ደረሰ?» ሲል ሌላው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ «ባጃጅ ገዛ መሰለኝ» ይላል። በሩኒ ለቅሶ አምሽቶ ዓይኑ የቀላውን ደጋፊ በዝናብ ወደ ቤቱ የሚያደርሰው ሹፌር ያው ልጅ ሊሆን ይችላል። ደጋፊው በመንገዱ ሁሉ ስለ 253ቱ ጎሎች ይነግረዋል፤ ሲወርድ በ5 ብር ይከራከረዋል። ሹፌሩ ቤቱ ሲገባ ጫማው ከምድጃው በላይ እንደ ተሰቀለ ነው፤ ጭሱ አጥቁሮታል፣ ክሩ ግን አልተበጠሰም።

ሥርዓቱ ወደ ፊት በዘፈቀደ እንዳይካሄድ በዕድር መልክ ቢደራጅ ይበጃል። አባላት በየወሩ ያዋጣሉ፤ አጥቂን ሳይሰናበት ያመሰገነ አባል አንድ ኪሎ ማር ይቀጣል፤ ሰድቦ የማያውቅ ሰው ለቅሶው ላይ ከኋላ ይቀመጣል። የድሮግባና የዝላታን ዓይነት፣ እስከ 40 ዓመታቸውና ከዚያም በላይ እየተጫወቱ አልቃሹን በማስጠበቅ ያጉላሉ ተጫዋቾችን የሚመለከት አንቀጽም ያስፈልጋል።

ለሩኒ የተቀመጡት አልቃሾች ሣልስቱን፣ ማለትም በሦስተኛው ቀን የሚደረገውን መታሰቢያ፣ በወጉ አክብረዋል። እሑድ ጥር 9 ቀን ጥቁሩ ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ «ሊቨርፑል ከ ማን ዩናይትድ፣ ማታ 1:30» የሚል ተጻፈበት፤ ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። በሁለተኛው አጋማሽ የ33 ዓመቱ ኤዲንሰን ካቫኒ ተቀይሮ ወደ ሜዳ ሲገባ፣ ዓርብ ዕለት ድምፁ የተዘጋው ዋናው አልቃሽ ጉሮሮውን ጠርጎ «ይሄ ሽማግሌ ደግሞ ምን ሊሠራ ነው የሚገባው?» አለ።